ማኬሌሌን ሸጣችሁ ቤካምን አትግዙ!

እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ሪያል ማድሪድ ዴቪድ ቤካምን ከማንቸስተር ዩናይትድ ሲያስመጣ የሰፈራችን የማድሪድ ደጋፊዎች የጨፈሩት ጭፈራ ዛሬም አይረሳኝም፡፡ በዚያው ክረምት ክሎድ ማኬሌሌ ወደ ቼልሲ ሲሄድ ግን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም፡፡ ጎል አያገባ፣ ማልያው አይሸጥ፣ ማን ከቁም ነገር ይቁጠረው! ውጤቱ ምን ሆነ? ዚዳን፣ ፊጎ፣ ሮናልዶ፣ ራውልና ቤካም ያሉበት ቡድን የ2003/04 የላሊጋ የመጨረሻ አምስት ጨዋታዎችን በተከታታይ ተሸንፎ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ፡፡ ማኬሌሌን የያዘው ቼልሲ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት 15 ጎል ብቻ ተቆጥሮበት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ፡፡

«አሁን ይሄ የድሮ ታሪክ ምን አመጣው?» ትሉኝ ይሆናል፡፡ ያመጣው ኮምፒውተር ነው፡፡ አትሳቁ!

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ፕሌይስቴሽን ቤት ተጋፍተን፣ «የተሸነፈ ይከፍላል» ተባብለን ዊኒንግ ኢለቨን የተጫወትን ሰዎች አሁን ሸምገል ብለናል፡፡ ናፍቆቱ ግን አልሸመገለም፡፡ ማስተር ሊግ ላይ በካስቶሎና በሚናንዳ ጀምረን ዋንጫ ያነሳንበትን ሌሊት ማን ይረሳዋል? የአድሪያኖን የግራ እግርስ? ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፡፡ በየቤቱ የቀሩትም ሌንሳቸው አርጅቶ ዲስክ ማንበብ ሰልችቷቸዋል፡፡ ኮናሚም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2021 ፔስ የሚለውን ስም ትቶ ኢፉትቦል ብሎታል፡፡ ስለዚህ የድሮውን ጨዋታ የፈለገ ሰው ኮምፒውተር ገጣጥሞ በኢሙሌተር መጫወት ጀምሯል፡፡ አሪፍ ሐሳብ ነው፡፡ ችግሩ ያለው ግዢው ላይ ነው፡፡

የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ስሙን ልተወው፡፡ እቁብ ሲደርሰው ብሩን ይዞ ገበያ ወጣ፡፡ ሻጩ «ስንት ጊጋ ካርድ ነው የምትፈልገው?» አለው እንጂ «ምን ልትጫወትበት ነው?» ብሎ አልጠየቀውም፡፡ ከእቁቡ ሦስት እጅ ሁለቱ ለግራፊክስ ካርዱ ሄደ፡፡ ፓወር ሰፕላዩ ከኬዙ ጋር በምርቃት የመጣ፣ ስሙ የማይታወቅ፣ ሲያነሱት እንደ ባዶ ጣሳ የሚቀል ነበር፡፡ አንድ እሁድ ማታ ስድስት ሆነን ተሰብስበን እየተጫወትን መብራት ሄደ፤ ወዲያው ተመለሰ፤ ሲያበራው «ቷ!» አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን፡፡ ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን አልሞተም፡፡ ማዘርቦርዱንም ያንን ውድ ካርድም ይዟቸው ሄደ፡፡ እቁቡ ግን ገና አላለቀም ነበር፡፡ ልጁ ለሞተ ኮምፒውተር ወር በወር ሲከፍል አየነው፡፡

እኔ እንግዲህ የምለው ይሄን ነው፤ ፓወር ሰፕላይ ማኬሌሌ ነው! ማንም አያጨበጭብለትም፣ እሱ ሲወጣ ግን ኮከቦቹ ሁሉ ይወድቃሉ፡፡ ለምንነጋገርበት ዓይነት ኮምፒውተር ስም ያለው የ450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ከበቂ በላይ ነው፡፡ ካርቶኑ ላይ «800 ዋት» ብሎ የሚፎክር ርካሽ ዕቃ አያታልላችሁ፡፡ «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደማያባክን ነው የሚናገረው እንጂ ለጥንካሬው ዋስ አይሆንም፡፡ እንደኛ አገር መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መሄዱ ሳይሆን አመጣጡ ነው፡፡ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፡፡ ከተረፋችሁ ዩፒኤስ ጨምሩ፡፡

አሁን ወደ አማካዩ ክፍል እንምጣ፡፡ የፕሌይስቴሽን 2 ፕሮሰሰር ፍጥነቱ 300 ሜጋኸርዝ እንኳን አይሞላም፤ ራሙም 32 ሜጋባይት ብቻ ነው፡፡ «ታዲያ የትኛውስ ኮምፒውተር ያቅተዋል?» የሚሉ ብዙ ናቸው፡፡ ስህተት ነው! ኢሙሌተር ማለት አስተርጓሚ ነው፡፡ የውጭ አሠልጣኝ ሜዳ ዳር ቆሞ ሲጮህ አጠገቡ ያለው አስተርጓሚ ከዘገየ ተጫዋቹ መመሪያውን የሚሰማው ጎሉ ከገባ በኋላ ነው፡፡ ይሄኛው አስተርጓሚ ደግሞ በሰከንድ እስከ 60 ምስል የሚያደርስ ሥራ ነው ያለበት፡፡ ፒሲኤስኤክስ2 የተባለው የፕሌይስቴሽን 2 ኢሙሌተር የሚፈልገው አሥር ቀርፋፋ አስተርጓሚ ሳይሆን ጥቂት ፈጣኖችን ነው፡፡ ስለዚህ ፕሮሰሰር ስትመርጡ «ስንት ኮር አለው?» ከማለታችሁ በፊት አንዱ ኮር ብቻውን ምን ያህል እንደሚሮጥ ጠይቁ፡፡ አራት ፈጣን ኮር ካለው ለፕሌይስቴሽን 2 ይበቃል፡፡ ፕሌይስቴሽን 3 ካማራችሁ ግን ነገሩ ይለያል፤ የእሱ ኢሙሌተር ስድስትና ስምንት ኮር ቢያገኝ ደስ ይለዋል፡፡

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ራይዘን 5 5600ጂ እላለሁ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ስድስት ኮር ያለው፣ ግራፊክሱ እዚያው ውስጡ የተሠራ ፕሮሰሰር ነው፡፡ ለብቻው ካርድ ሳትገዙ አብዛኛውን የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታ ከዋናው ጥራት ሁለት እጥፍ አድርጎ ያጫውታችኋል፡፡ አንድ ነገር ብቻ አደራ! ለዚህ ፕሮሰሰር አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ከምትሰኩለት ሁለት ባለ 8 ጊጋ ስኩለት፡፡ ውስጡ ያለው ግራፊክስ የሚቀለበው ከራሙ ስለሆነ በሁለት በር ሲገባለት በደንብ ይሮጣል፡፡ አጥቂውን በአንድ ክንፍ ብቻ ኳስ እያቀበላችሁ «ለምን አያገባም?» ማለት አይሆንም፡፡

ለዚያም አቅም ለሌለው ሌስተር ሲቲ አለለት፡፡ በ2015/16 ሻምፒዮን የሆነው ሌስተር ሪያድ ማህሬዝን ከለአቭር ሲያስመጣ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ እንኳን አላወጣም፡፡ የኮምፒውተሩ ማህሬዝ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፡፡ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 (እ.ኤ.አ. 2013) እና ከዚያ በኋላ የመጣ ከሆነ ሥራውን ይሠራል፤ የበለጠ አዲስ ከሆነ የበለጠ ጥሩ፡፡ ግን ቀድማችሁ እወቁ፤ የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ ቅርጽ የራሳቸው ስለሆነ ነገ ሌላ ልቀይር ቢሉ አይገጥምም፡፡ ካርድ ልጨምር ካላችሁም አጭርና ከማዘርቦርዱ ብቻ ኃይል የሚወስድ፣ ማለትም ከ75 ዋት የማይበልጥ መሆን አለበት፡፡ ከጂቲኤክስ 1650 ካርዶች መካከል እንዲህ ያሉ አሉ፡፡

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ደግሞ ዕድሜውን ያጭበረበረ ተጫዋች እንዳይሸጥላችሁ! ያረጀውን ካርድ ስሙን ቀይረው አዲስ አስመስለው የሚያቀርቡ አሉ፡፡ ጂፒዩ-ዜድ የምትባል ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ብር ከመቁጠራችሁ በፊት አስከፍቱት፡፡ ሻጩ «አይቻልም» ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው፡፡

«እኔ የምፈልገው የዘንድሮውን ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ነው» ለሚል ሰው ክርክር የለኝም፡፡ ለእሱ ጥሩ ካርድ የግድ ነው፡፡ ፔስ 6 ብቻ የናፈቀው ደግሞ ኢሙሌተርም አያሻው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ለኮምፒውተርም ወጥቷል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ዊኒንግ ኢለቨን 6 ግን ለኮምፒውተር አልተሠራም፡፡ ኢሙሌተር የሚያስፈልገው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው፡፡ ታዲያ የድሮውን ፕሌይስቴሽን አትጣሉት፤ ኢሙሌተሩ የሚፈልገውን ባዮስ የሚባል ፋይል ከራሳችሁ ማሽን ነው የምታወጡት፡፡ የዲቪዲ ዲስኮቹንም የኮምፒውተር ዲቪዲ ማንበቢያ ያነባቸዋል፡፡ አንዱ ዲስክ ባለ አንድ ንጣፍ ከሆነ ከ4.7 ጊጋባይት ስለማይበልጥ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ ብዙ ዓመት ያስኬዳችኋል፡፡

ያ የሰፈራችን ልጅ እቁቡን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ገጣጥሟል፡፡ በዚህኛው ዙር መጀመሪያ የገዛው ፓወር ሰፕላይ ነው፡፡ ካርድ የለውም፡፡ መብራቱ አሁንም ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ግን ቆሟል፡፡ ባለፈው እሁድ በካስቶሎ ሦስት ለአንድ አሸነፈኝ፡፡ ደንቡ ስላልተቀየረ ለስድስት ሰው ማኪያቶ የከፈልኩት እኔ ነኝ፡፡