የሁላችንም ውሻ የማንም ውሻ ነው

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ጥናት ሰዓት፣ ስለ መኝታ ቤት ጽዳትና ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ ብዙ ተጽፏል። ስለ ውሻ የጻፈ ግን እስካሁን አላየንም። «አሁን ውሻ ምኑ ይጻፋል?» የሚል አይጠፋም። ውድ አንባቢያን፣ እስኪ እስከ መጨረሻው ታገሡን፤ ነገሩ የውሻ ብቻ አይደለም።

ቡቺን የማያውቅ ነባር ሠልጣኝ የለም። ከምግብ ቤቱ ጀርባ የምትተኛ ቡናማ ውሻ ነበረች። ከትሪያችን የተረፈውን እንጀራ እየወረወርን አበላናት። ስሙንም ያወጣንላት እኛው ነን። ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስንመለስ እስከ መኝታ ቤታችን ደጅ ትሸኘን ነበር። እንግዳ መጥቶ «የማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ ሁላችንም ባንድ አፍ «የኛ ናት» እንል ነበር።

ባለፈው ክረምት ፈተና አለቀ፤ ሻንጣችንን ይዘን ወደየአገራችን ተበተንን። ምግብ ቤቱም ተዘጋ። ቡቺ በዚያን ጊዜ ሦስት ቡችሎች ታጠባ ነበር። የሚወረወርላት ስታጣ ወደ ሰፈር ወረደች። ዶሮ በላች ተባለ፤ ልጅ አባረረች ተባለ። በመጨረሻ መርዝ ያለበት ሥጋ በልታ አጥር ሥር ሞታ ተገኘች። ደሟም እንደ ስሙ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ። መርዙን ማን እንዳስቀመጠ እንጠይቅ ብንል፣ ጥያቄው መጀመሪያ ወደ እኛ ይመለሳል። ያላመድናት እኛ፣ ጥለናት የሄድነውም እኛ።

ከቡችሎቹ አንዱ ተርፎ ይኸው ዛሬ በምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። እኛም እንደ ልማዳችን እንጀራ መወርወር ጀምረናል። በበኩላችን የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ወይ በወጉ እናሳድገው፣ ወይ መወርወሩን እንተው።

በሌላ አገር ጌታ የሌላቸው ውሾች የሚሰበሰቡበት መጠለያ አለ። ሜሪ ቲልቢ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ውስጥ የከፈተችው ቤት በ1871 ወደ ባተርሲ ሰፈር ተዛውሮ ዛሬም ይሠራል። ከእንዲህ ያለ ቤት ውሻ የሚወስድ ሰው በስሙ ፈርሞ ነው የሚወስደው። በእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ቤት የለም። ፊርማው ግን ለእኛም ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም ውሻችን ስም ያለው አንድ ባለቤት ኖሮት አያውቅም።

ባለቤት የሌለው ውሻ ደግሞ የሚያስከትብለት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይሞታል። ከነዚህ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ ነገ ጠመኔ ይዘን ፊታቸው የምንቆመው ልጆች ማለት ነው። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም መከላከያው የታወቀ ነው። ሉዊ ፓስተር በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ የከተበው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ዛሬም የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ ቢከተብ ይድናል። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ደግሞ በሽታው መዛመቱን ያቆማል። መርዝ ግን የተከተበውንም ያልተከተበውንም ይገድላል እንጂ በሽታውን አያጠፋም።

«ለሰው ያልበቃ ለውሻ?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የኪስ ገንዘባችንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን እንጀራውን እንደሆነ አሁንም እየወረወርን ነው። የሚጨመረው በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው ክትባት ነው፤ ይህም ብዙ ሆነን ስናዋጣው የሚከብድ አይሆንም። በእምነታቸው ምክንያት ውሻ እንዲነካቸው የማይፈልጉም አሉ። ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ውሻው መኝታ ቤትና ምግብ ቤት ዝር እንዳይል መደረግ አለበት።

እንግዲህ ሐሳባችን ይኸው፦ አንደኛ፣ የሌሊት ዘበኛችን ጋሼ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸውና ፈቃዳቸው ከሆነ ባለቤቱ እሳቸው ይሁኑ፤ ማደሪያውም በዋናው በር ይሁን። ሁለተኛ፣ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ተወስዶ ይከተብ፣ ይኮላሽም። ሦስተኛ፣ ወጪውን እኛ እናዋጣ፤ የክረምቱን ቀለብ ከመበተናችን በፊት ለጋሼ እናስረክብ። ሸክሙን በሽማግሌ ጫንቃ ጥለን ብንሄድማ ያው የአምናው ጥፋት ነው። አራተኛ፣ እኛ ተመርቀን ስንሄድ ተራውን ለአዲስ ገቢዎች በስም ዝርዝር እናስረክብ።

ጋሼ እምቢ ካሉ፣ ወይም መዋጮው ካልተገኘ፣ ከመምህራኖቻችን ወይም ከሰፈሩ ሰዎች የሚወስደው እንፈልግለት። ያም ካልሆነ እውነቱን ተናግረን እጃችንን እንሰብስብ። የማናሳድገውን እያላመድን ለመርዝ አናዘጋጅ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ቡቺ ጮኻልናለች፤ በጨለማም ሸኝታናለች። የእሷን ድርሻ አላጓደለችም። ለልጇ ስማችንን ለመጻፍ የምንፈልግ ከዚህ ጽሑፍ ሥር በተለጠፈው ባዶ ወረቀት ላይ እስከ ዓርብ እንጻፍ። የምንቃወምም ካለን ምክንያታችንን እዚያው እንጻፍ።