የማታው ስታፍ

ባለፈው ኅዳር፣ በአንዱ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ እኔም አባል በሆንኩበት የመምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዲት መምህርት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እንደምን አመሻችሁ። ይቅርታ፣ ቀላል ጥያቄ ነው። ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ስናካፍል ለምንድን ነው ገልብጠን የምናባዛው? ዛሬ አንድ ልጅ ጠየቀኝ፤ ሕጉ ነው አልኩት። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን እኔም አላውቀውም።»

የምታስተምረው ስድስተኛ ክፍል ነው። ግሩፑ ለጥቂት ደቂቃ ጭጭ አለ። መልእክቱን ብዙ ሰው እንዳየው አያጠራጥርም፤ የሚመልስ ግን የለም። መጀመሪያ የመጣው መልስ ፒዲኤፍ ነበር። ሁልጊዜም መጀመሪያ የሚመጣው ፒዲኤፍ ነው። ቀጥሎ አንዱ «ሕጉ ስለሆነ ነዋ ቲቸር» አለና የሳቅ ምልክት ደረደረበት። ከዚያ ከገጠር ትምህርት ቤት የሆነ አንድ መምህር የድምፅ መልእክት ላከ። ከጀርባው ሕፃን ያለቅሳል፣ ሰው ሰሃን ያጥባል። «ቲቸር፣ ማካፈልን ‹ስንት ጊዜ ይገኛል› ብለሽ አምጪላቸው። ሁለትን ለሩብ አካፍሉ ማለት፣ በሁለት እንጀራ ውስጥ ስንት ሩብ አለ ማለት ነው። ከአንዱ አራት፣ ከሁለቱ ስምንት። ይኸው በአራት አባዛሽ ማለት አይደል?»

ጥሩ ነበር። ግን አንዱ ነገረኛ (ነገረኛ የሌለበት ስታፍ ስታፍ አይደለም) «ይሄ ለሩብ ይሠራል፤ ሦስት አራተኛን ለሁለት ሦስተኛ ሲሆንስ?» ብሎ ገባ። አሁን ግሩፑ ነቃ። የድምፅ መልእክተኛው ተመለሰ፦ «ሁለቱንም እንጀራ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ቦታ ቁረጫቸው። ሦስት አራተኛው ዘጠኝ ቁራሽ ይሆናል፣ ሁለት ሦስተኛው ስምንት። ዘጠኝ ውስጥ ስምንት ስንት ጊዜ አለ? አንድ ጊዜ ከአንድ ስምንተኛ። በይ አሁን ገልብጠሽ አባዢው፤ ዘጠኝ ስምንተኛ ይመጣልሻል። ያው ነው።» ሐሙስ ዕለት መምህርቷ ክብ ሆኖ የተቆራረጠ ካርቶን ፎቶ አንሥታ ላከችልን። ከሥሩ፦ «ያ ልጅ ‹ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን እንደዚህ አላልሽንም?› አለኝ» የሚል ነበረበት።

ከሃያ ዓመት በላይ ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። የተቀመጥኩባቸውን ሥልጠናዎች ብቆጥር ከጣቶቼ ያልፋሉ። በአንዳቸውም ላይ አንድ መምህር ተነሥቶ «እኔም አላውቀውም» ሲል አልሰማሁም። እኔም ብዬ አላውቅም።

ሥልጠናውን ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። አዳራሽ ነው። አሠልጣኙ ስላይድ ያነብባል፤ ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ማብራሪያው በአማርኛ። ርእሱ «ተማሪን ያማከለ ማስተማር» ሆኖ አሠልጣኙ ሦስት ሰዓት ሙሉ ብቻውን ይናገራል። ሻይ ቡና አለ። የስም መፈረሚያው ወረቀት ሲዞር ከእንቅልፉ የማይነቃ የለም፤ አበሉ በእሱ ነዋ። አበል የሌለው ሥልጠና ከሆነ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ የሚያጨበጭበው ርእሰ መምህሩ ብቻ ነው። አልቀልድም፤ የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ ስለምናውቅ አንፈርድም።

በሌላ በኩል ተሙማ አለ፤ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ገደማ የወጣው የትምህርት ሚኒስቴር ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው መሻሻል እንዲያውል ያዝዛል። ሐሳቡ ግሩም ነው፦ መምህሩ ችግሩን ይለያል፣ ያቅዳል፣ ይሞክራል፣ ይገመግማል፣ ከባልደረባው ጋር ይነጋገራል። ሥራው ሁሉ ፖርትፎሊዮ ውስጥ ይቀመጣል። ችግሩ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ የሚያየው ፖርትፎሊዮውን መሆኑ ነው። ስለዚህ ፖርትፎሊዮው ይሠራል፣ ንግግሩ ይቀራል። ያለፈውን ዓመት ተሙማ አውጥቶ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀይሮ ያስገባ መምህር ብፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ መስታወት ይበቃኛል።

ታዲያ የዚያች መምህርት ጥያቄ ከየት መጣ? ማንም ስላልላካት፣ ማንም ስለማይፈርምባት፣ ደግሞም ጨለማው ስለጋረዳት ይመስለኛል። በቀኑ ስታፍ ውስጥ ከዩኒት መሪውና ከዲፓርትመንት ተጠሪው ፊት ይህንን ብትጠይቅ ለአንድ ሴሚስተር ማላገጫ ትሆን ነበር። የማታው ስታፍ፣ ግሩፑ፣ ሌላ ነው።

ቴክኖሎጂ ወደ ክፍላችን ሲገባ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ግድም ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚወርድ ትምህርት ነበር፤ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን እሱ ይናገራል፣ እኛ ጥግ ላይ ቆመን መጨረሻ ላይ እናጠቃልላለን። ጥሩ ጎን አልነበረውም አልልም፤ ቤተ ሙከራ አይተው የማያውቁ ልጆች ሙከራ አይተውበታል። ግን አይጠብቅም ነበር። «አሁን መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ» ይላል፣ ልጁ እስክሪብቶውን ሳያነሣ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። መብራት ከሄደ ትምህርቱም ሄደ። ከሁሉ በላይ እኛን መምህራኑን ምንም አላስተማረንም። ለሰው ተብሎ የመጣ መሣሪያ ሳይሆን በሰው ፈንታ የመጣ ነበር።

ከዚያ ዘመን የማልረሳው አንድ ቀን አለ። ፕላዝማው አውሮፕላን እንዴት እንደሚነሣ አስረድቶ ጨረሰ። ተማሪዎቹ ጥያቄ ካላቸው ብዬ ዞርኩ፤ እኔም እንደ ልማዴ በጠመኔ ደገምኩት፦ የክንፉ ላይኛው ጎን ስለሚጎብጥ በላይ የሚያልፈው አየር መንገዱ ይረዝማል፣ ከሥር ከሚያልፈው ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ የበርኑሊ ሕግ ነው። ከኋላ ዴስክ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ታዲያ አውሮፕላን ተገልብጦ እንዴት ይበራል? በፊልም አይቻለሁ።» ከጀርባዬ ላብ ተሰማኝ። «ይሄ ለፈተና አይመጣም» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ ተቀመጠች። ደውሉ አዳነኝ።

ቴሌግራም ግን እንደ ፕላዝማው በመመሪያ አልመጣም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከተማው ውስጥ ያለው መምህር ወርክሺት ለመላክ ብሎ ገባበት፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን አልወጣም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ እስኪደርስ የብዙዎቻችን መጽሐፍ በስልክ ላይ ያለ ፒዲኤፍ ነበር፤ እሱንም ያገኘነው በግሩፕ ነው። ኢንተርኔቱን የሚገዛው መምህሩ ከኪሱ ነው፤ ብዙዎች የሌሊቱን ፓኬጅ ስለሚጠብቁ ግሩፑ ሞቅ የሚለው እኩለ ሌሊት ላይ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ከአሥር ግሩፕ ዘጠኙ መጋዘን ነው። «ዓመታዊ ዕቅድ ያላችሁ?» «የዕለት ትምህርት ዕቅድ ሶፍት ኮፒ ልቀቁልን።» «ሞዴል ፈተና ከነመልሱ።» ይለቀቃል፣ ይወርዳል፣ የትምህርት ቤቱ ስም ይቀየራል፣ ማኅተም ይመታበታል። አንዴ አንድ ባልደረባዬ ከግሩፕ ያወረደውን ዕቅድ ለፊርማ ሲያቀርብ የክፍሉ ተማሪ ብዛት ላይ የሌላ ትምህርት ቤት ቁጥር እንዳለ ነበር፦ 41 ይላል። ልጆቹ 73 ናቸው። በ41 ልጅ የታቀደ የቡድን ሥራ በ73 ልጅ እንዴት እንደሚሠራ ማንም አልጠየቀውም፤ ተፈረመለት። ፋይል መቀያየርን መማማር ብለን ከጠራነው ያው የድሮው ፖርትፎሊዮ ነው፤ ፈጠነ እንጂ አልተለወጠም።

ግሩፑ ሌላም አደጋ አለው። በድፍረት የተነገረ ስሕተት በግሩፕ ላይ ሃያ የአውራ ጣት ምልክት ይሰበስባል፤ እያመነታ የተጻፈ እውነት ሦስት። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቷል። ጥያቄን ያለ ሀፍረት ይቀበላል፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን 73 ልጅ ያለበት፣ ሦስተኛው ረድፍ ዴስክ የተሰበረበት ክፍል ውስጥ ቆሞ ስለማያውቅ እንጀራውን በካርቶን መቁረጥ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ብለው ቢጠይቁት መልሱ ያው የስላይድ መልስ ነው።

በዚህ ላይ የመንግሥት ቢሮዎች ቴሌግራም ሲባል ቶሎ የሚመጣባቸው ነገር የፈተና ስርቆት ነው። አይፈረድባቸውም፤ በ2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ አገር አቀፍ ፈተናው መሰረዙን ሁላችንም እናስታውሳለን። ድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ በሌላ ምክንያት ፌስቡክም ቴሌግራምም ለወራት ሲገደቡ ቪፒኤን መጫን የሚያውቀው ወጣት መምህር ቀረ፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ጠፋን። የዚያኑ ዓመት ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በእኛ ግሩፕ ውስጥ ጥያቄ የሚያነሡት፣ ስሕተት የሚያርሙት አብዛኞቹ ከዚያ ነበሩ። ስማቸው አለ፣ ድምፃቸው የለም። ከብዙ ወራት በኋላ አንዱ «እንዴት ናችሁ፣ አለን» ብሎ ሲጽፍ ስለ ፊዚክስ ያወራ ሰው አልነበረም፤ ያን ሌሊት ስም በስም ስንጠያየቅ አነጋን።

መማር ፍለጋ መዞር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የቤተ ክህነቱ መምህር፣ የኔታ፣ ራሳቸው ተማሪ ነበሩ፤ የድጓ መምህር የሚሆን ሰው ጋይንት ቤተልሔም ዘልቆ ሳያስመሰክር ወንበር አይዘረጋም ነበር። አቋቋሙን ጎንደር፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ዙር አባ ይሄዳል፤ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእግሩ። ጺም ያበቀለ ሰው እንደ ገና ሌላ መምህር እግር ሥር ቢቀመጥ ነውር አልነበረም። ነውሩ ሳያስመሰክሩ ማስተማር ነበር። ዲፕሎማ በእጁ የገባ ዕለት መማሩን የጨረሰ መምህር በኋላ የመጣ ነው፤ ከየት እንደ መጣ አላውቅም፣ ግን እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ።

ምን ይደረግ? የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይህንን አንብቦ «የቴሌግራም ተሙማ መመሪያ» እንዳያወጣ እሰጋለሁ። አንድ ሌላ ግሩፕ ላይ ሱፐርቫይዘሩ አባል የሆነ ዕለት ጥያቄ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰርኩላርና «እንኳን አደረሳችሁ» ብቻ ነው። ከ60ው ሰዓት የተወሰነውን መምህሩ ከባልደረቦቹ ጋር በዚህ መንገድ የተነጋገረበትን ቢቆጥሩለት፣ መተማመኛውም ማኅተም ሳይሆን በማግሥቱ ክፍል ውስጥ የሞከረው ነገር ቢሆን ደስ ይለኛል። ለትምህርት ቤቱ አንድ ጥሩ የዋይፋይ መስመር ቢያስገቡ ደግሞ የሌሊት እንቅልፋችንን ይመልሱልናል። ከዚያ በላይ አይጠጉት። እኛም ብንሆን ፋይሉን ለብቻው ቻናል ከፍተን ብንወረውረው ወሬው ይተነፍሳል።

የክፍልፋይዋ ጥያቄ ካለፈ ከሳምንት በኋላ፣ ያቺን የኋላ ዴስክ ልጅ እያሰብኩ ስልኬን አነሣሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ያስተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ብሎ ይጠይቃል? እንደ ገና ጻፍኩ፦ «አውሮፕላን ተገልብጦ እንዴት ይበራል? የማስተምረው የክንፍ ማብራሪያ ይህን አይመልስልኝም።» ላክሁት።

መጀመሪያ ፒዲኤፍ መጣ።

ቀጥሎ አንድ ልጅ እግር መምህር፣ ማስተማር ከጀመረ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ጋሼ፣ በርኑሊ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ‹የላዩና የታቹ አየር እኩል መድረስ አለባቸው› የሚለው ነው። ማን ቀጠራቸው? እንዲያውም የላዩ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ክንፉ አየሩን ወደ ታች ይገፋል፣ አየሩ ክንፉን ወደ ላይ፤ የኒውተን ሦስተኛው ሕግ ነው። ተገልብጦም ቢሆን ክንፉ ከሚመጣበት አየር አንጻር ፊቱን ቀና ካደረገ አየሩን ወደ ታች ይገፋል፣ ይበራል። ካላመኑኝ ነገ ታክሲ ውስጥ እጅዎን በመስኮት አውጥተው ፊቱን ትንሽ ቀና ያድርጉት።»

በማግሥቱ ጧት ከመገናኛ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ መስኮት አጠገብ ያዝኩ። መንገዱ ሲከፈትለት ሾፌሩ ነዳው። እጄን አወጣሁ፤ መዳፌን ጠፍጣፋ አድርጌ፣ አውራ ጣቴን ትንሽ ቀና። ብድግ አለች። ዝቅ ሳደርጋት ወረደች። እንደ ገና ቀና አደረግኋት።

«ፋዘር፣ እጅ ይግባ!» አለ ረዳቱ። «በትራፊክ ሊያስቀጡን ነው እንዴ?»