ቡችላውን አትምቱት

ቡችላ የምታሳድጉ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ።

በየሰፈራችን ውሻ የሚያድገው በሰንሰለትና በዱላ ነው። "ካልተመታ ኃይለኛ አይሆንም" ይባላል። ለኔ ግን ዱላ የሚያሳድገው ፈሪ ውሻ ነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባውን ትቶ የጎረቤት ልጅ ሊነክስ ይችላል። ሲያጉረመርም የተመታማ ማጉረምረሙን ይተውና ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ሌላ መንገድ አለ። "ና" ስትሉት ከመጣ እዛው በሰከንዶች ውስጥ ቁራሽ ዳቦ ወይ ትንሽ ሥጋ ስጡት። ከዘገያችሁ ለምን እንደተሸለመ አይገባውም። አርፍዶ ቢመጣም አትምቱት፤ የሚማረው "ስመጣ እመታለሁ" የሚለውን ነው። ሰው ላይ ሲዘል ዝም ብላችሁ ዞር በሉ፤ አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ አሞግሱት።

ከስድስት ወር በኋላ የተማረውን ሁሉ የረሳ ይመስላል። ብዙ ሰው "ናቀኝ" ብሎ ዱላ የሚያነሳው ያኔ ነው። ንቀት አይደለም፣ ጉርምስና ነው! በ2020 እ.ኤ.አ. የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ውሾቹ በ8 ወራቸው አሳዳጊያቸው "ተቀመጥ" ሲላቸው በ5 ወራቸው ከነበረው የበለጠ ይለግሙ ነበር፤ ሌላ ሰው ሲያዛቸው ግን ይታዘዛሉ። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማረ ሰው ይህ አይገርመውም 😄

ያልፋል። እስኪያልፍ ታገሱት፣ ከቀላሉ ጀምራችሁ እንደገና አስተምሩት፣ ሽልማቱን አታቋርጡ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም አደራ።

ውሻውን የሚመታ ጎረቤት ካላችሁ ይቺን አሳዩልኝ።