ሕፃናት በአስም ሲታመሙ ትንፋሻቸው ስለሚሰጠው ምስክርነት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሕፃን ልጅ ግን ዝም የሚለው ሕመሙን ሊደብቅ ፈልጎ ሳይሆን የሚገልጽበት ቃል አጥቶ ነው። አስም የያዘው ልጅ ሌሊት ሲያስለውና ደረቱ ሲያፏጭ እናትና አባት ይጨነቃሉ፤ ሳሉ ትቶት ወደ ጨዋታው ሲሮጥ ግን ዳነልን ብለው መድኃኒቱን ያቆማሉ። ይሁን እንጂ ሳሉ ጠፋ ማለት በውስጥ ያለው የአየር ቧንቧ መቆጣት ጠፋ ማለት አይደለም። ስለዚህ ይህን የተሰወረ ነገር ከልጁ ትንፋሽ ስለሚገልጠው ምርመራ ዛሬ ለወላጆች ጥቂት ልናስረዳ ወደናል።

ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል፣ ከአውቶሞቢል ጢስ ጋር የሚወጣ ጋዝ አለ። ይህ ጋዝ በሰው ትንፋሽ ውስጥም እንደሚገኝ የስዊድን ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ገለጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በአስም ሕመምተኞች ትንፋሽ ውስጥ ከጤነኞቹ ይልቅ በዝቶ መገኘቱ ታወቀ። ይህም የሆነበት ምክንያት፣ ቧንቧው በአለርጂ በተቆጣ ጊዜ የውስጥ ሽፋኑ ጋዙን አብዝቶ ስለሚሠራ ነው።

ምርመራው መርፌም ደም መቅዳትም የለበትም። ልጁ አየሩን ወደ ውስጥ በሙሉ ከሳበ በኋላ፣ በመሣሪያው ቧንቧ ሳይቸኩልና ሳያቋርጥ ከ6 እስከ 10 ሴኮንድ ያህል ይተነፍሳል። እጅግ ትንንሽ የሆኑት ግን ይህን ማድረግ አይሆንላቸውም። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር በ2011 ባወጣው መምሪያ፣ ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ከአንድ ቢሊዮን ክፍል ትንፋሽ ውስጥ ጋዙ ከ20 ክፍል በታች ሲሆን ዝቅተኛ፣ ከ35 በላይ ሲሆን ከፍተኛ ነው ተብሏል።

ነገር ግን ቁጥሩ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። አስም የሌለበት፣ በአለርጂ አፍንጫው የሚታፈን ልጅ ቁጥሩ ከፍ ሊልበት ይችላል፤ ደግሞ ቁጥሩ ዝቅ ያለለት ልጅ ሁሉ ከአስም ነጻ ነው አይባልም። በ2022 በታተመው በብሪታንያ በ509 ልጆች ላይ በተደረገው ጥናት፣ ሐኪሞቹ ከሕመሙ ምልክት ጋር ይህንን ቁጥር ጨምረው መድኃኒቱን ቢመጥኑም የሕመሙ መነሣት አልቀነሰም። ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም ቁጥሩን ከልጁ ታሪክና ከሌላው ምርመራ ጋር አስተያይቶ ይፈርዳል።

ወላጆች አጥብቀው ሊያስቡበት የሚገባው ነገር ይህ ነው። ወደ ሳንባ የሚሳበው የስቴሮይድ መድኃኒት በየቀኑ በደንብ ሲወሰድ፣ ይህ ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። መድኃኒት የታዘዘለት ልጅ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ መድኃኒቱ በየቀኑ ይወሰዳልን? አሳሳቡስ ትክክል ነውን? ብሎ ነው። በዚህ ጊዜ ወላጅ አፍሮ፣ ሳያስታጉል ሰጥቼዋለሁ ብሎ የተናገረ እንደ ሆነ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱ አልበቃውም ብሎ መጠኑን ይጨምርበታል፤ ልጁም ላልሠራው ጥፋት ያለ አስፈላጊ መድኃኒት ይሸከማል። እውነቱን የነገሩት ሐኪም ግን አሳሳቡን ያርማል፤ ሰዓቱንም ለቤቱ ሥርዓት እንዲስማማ ያደርጋል።

መሣሪያው በሁሉ ቦታ አይገኝም፤ የወላጅ እውነተኛ ቃል ግን በየቤቱ ይገኛል። ስለዚህ ልጁ በወሩ ውስጥ ስንት ሌሊት እንዳሳለውና መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደ ተረሳ በወረቀት ጽፎ ወደ ሐኪም መሄድ ያሻል። ቁጥሩ ከፍ ቢልም ልጁን መቆጣት አይገባም፤ ጧትና ማታ መድኃኒቱን የሚያስታውስለት ታላቅ ሰው ያስፈልገዋልና።