አፍርሱት፤ ግን ጻፉት

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ያለ አንድ ደብር አሮጌውን ክብ ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ ነው አሉ። የኮሚቴውን ሰው አግኝቼ ምነው ብላቸው «ከአስፋልቱ እንዲታይ ነዋ!» አሉኝ። አዲሱ ደግሞ ያው ቆርቆሮ መልበሱ አይቀርም፤ ከቆርቆሮ ጣራ ጋር የቆየ ጠብ እንዳለብኝ የሚያውቁ «ደግሞ ጀመረው» ይላሉ። አዎ፣ ጀምሬያለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር በዝናብ ጩኸት ማኅሌቱን የሚውጠው ማን ሆነና!

የጋይንቷን ቤተልሔም፣ የድጓ ማስመስከሪያዋን፣ ጠቀስኩላቸው። ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ማንኛውም የደጋ ደብር ክብ፣ የሣር ክዳን ያላት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ዘልቆ ሲያይ፣ በክቡ ውስጥ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን «አገኘ»። የድጓ ተማሪዎቹ ግን ጠፍቷቸው አያውቅም። አባቶች አሮጌውን ሳይነኩ ከላዩ ጎጆ አለበሱት፤ በቃ።

«እንግሊዞቹስ የራሳቸውን አያፈርሱም?» አሉኝ ሰውዬው።

ያፈርሳሉ እንጂ! ክርክሬም የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1174፣ በእኛ የዛግዌ ዘመን መሆኑ ነው፣ የካንተርበሪ ካቴድራል መዘምራን የሚቆሙበት ክፍል ሲቃጠል፣ መነኮሳቱ የተረፉትን ዓምዶች ጠግነው መቀጠል ነበር ያማራቸው። የሳንሱ ዊሊያም የተባለ ፈረንሳዊ ግንበኛ ግን ቀስ በቀስ አግባብቶ አስፈረሳቸው። በምትኩ ጫፉ የሾለ ቅስትና በድንጋይ ጎድን የተያዘ ጣራ ተነሣ፤ ጎቲክ የሚሉት አሠራር በእንግሊዝ ሥር የሰደደው ከዚያ ወዲህ ነው። ዊሊያም በ1178 ከመወጣጫው ወድቆ ተሰበረ፤ ጥቂት ጊዜ አልጋ ላይ ሆኖ ቢያሠራም አልቻለምና አገሩ ገባ። ሥራውን የቀጠለው ሌላ ዊሊያም፣ እንግሊዛዊው፣ ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ጀርቬዝ የተባለ የዚያው ገዳም መነኩሴ ስለጻፈው ነው። የአሮጌው ቅርጽ በመጥረቢያ፣ የአዲሱ በመሮ መሠራቱን እንኳ አልዘለለም። እኛ ዘንድ ቅኔ የሚዘርፍ ሞልቷል፤ ግንበኛን የሚጽፍ ግን የት አለ?

ስለዚህ እሺ፣ አፍርሱ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ደብተራ ብዕር ያንሣ። ቅኔ ማኅሌቱ ስንት ክንድ እንደሆነ፣ ምሰሶው ከምን እንጨት እንደተጠረበ፣ ጭቃው በምን እንደተቦካ ሽማግሌ ጠይቆ ይጻፍ። የአዲሱንም ግንበኛ ስም ይጨምርበት፤ የለጋሾቹ እንደሆነ በእብነ በረድ ተቀርጾ በር ላይ መለጠፉ አይቀርም።