ክሊፕቦርዱን አዙሩት

«ገበሬው እውነቱን አይናገርም።» በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ወረዳዎች መረጃ ከሚሰበስቡ ሰዎች ጋር የዋለ ይህን ሳይሰማ አይመለስም። መሬቱን ያሳንሳል፣ ከብቱን ይደብቃል፣ ምርቱን ይቀንሳል ይሉታል። እኔ ጥፋቱን የማየው ከአጠያየቁ ላይ ነው።

ጎዛምን ወይም ማቻከል ወረዳ ውስጥ ምዝገባ ሲካሄድ ልብ ብላችሁ እዩ። መዝጋቢው ክሊፕቦርዱን በግራ ክንዱ ደግፎ ወደ ደረቱ ያስጠጋዋል። ቅጹ ወደ እሱ ዞሯል፤ ለገበሬው የሚታየው የጣውላው ጀርባ ብቻ ነው። ካፊያ ከጀመረ ደግሞ ቅጹ ላይ ፌስታል ይደረባል። «መሬትዎ ስንት ነው?» «ሦስት ጥማድ።» ብዕሩ 0.75 ሄክታር ብሎ ይጽፋል። ጥማድ ግን አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው። የጮቄ ተራራ ተዳፋት ላይ ያለው ጥማድና ሜዳው ላይ ያለው ጥማድ እንዴት እኩል ይሆናሉ? ጥማድን ሩብ ሄክታር ያደረገው የቢሮ ስምምነት ነው። ሰውየው የሚያውቀውን ተናገረ፤ ቁጥሩ የተለወጠው እሱ በማያየው ገጽ ላይ ነው። ቢነበብለት ኖሮ «ያቺ የገደል አፋፏ እንኳ ይህን አትሞላም» ባለ ነበር። ማንም አላነበበለትም። ፈርም ሲሉት ፈረመ፤ ወረቀቱም ሄደ።

ጎጃም ከወረቀት ጋር ያለውን ትዝታ የማያውቅ ሰው ነው ገበሬውን ውሸታም የሚለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገማቾች ወደ ገጠር ወጡ። ገበሬው ዛሬ ግምት፣ ነገ ልኬት፣ ከዚያም ርስት መንጠቅ ይመጣል ብሎ ሰጋ። ሞጣና ቢቸና ሸፈቱ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ግብሩም ቀረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል መሬት ሲሸነሸን፣ በደርግ ዘመን የቀበሌ ሹመት ነበረው በሚል «ቢሮክራት» ተብሎ ስሙ ዝርዝር ውስጥ የገባ ገበሬ ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ፤ ለሌላው ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር። አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የሄዱ የጎጃም ገበሬዎች ነበሩ። ይህን ያየ አባት፣ ወይም ከአባቱ የሰማ ልጅ፣ ምን እንደሚጻፍበት ሳያውቅ ሁሉን እንዲዘረግፍ መጠበቅ ግፍ ነው።

ደግሞ ሌላ መንገድ እንዳለ እዚያው ጎዛምን ውስጥ ታይቷል። ክልሉ የመሬት ይዞታ ምዝገባን በሙከራ ከጀመረባቸው ቀበሌዎች አንዱ የጎዛምኑ አዲስና ጉሊት ነው። አዋሳኞች ባሉበት ድንበር ተለየ፣ የቀበሌው ሰው የመረጠው ኮሚቴ መዘገበ፣ የተመዘገበው ለተቃውሞ ለሕዝብ ቀረበ። በኋላም የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ያለበት አረንጓዴ የይዞታ ደብተር በገበሬው እጅ ገባ። ክርክርና ቅሬታ አልጠፋም። ሆኖም ያው «ይደብቃል» የሚባለው ገበሬ ድንበሩን ቆሞ አሳየ፣ ደብተሩንም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የተጻፈውን አይቷል፣ ቅጂውም የእሱ ነው።

ጊዜ ይፈጃል የሚሉ አሉ። አንድ ቅጽ መልሶ ማንበብ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው፤ በተሳሳተ ቁጥር ማዳበሪያ መደልደል የሚያስከትለው ጣጣ ግን ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። ምሥጢር ይወጣል የሚለው ሥጋት እውነትነት አለው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቤተሰብ ማኅደር የምትይዘው ነገር አደባባይ ላይ አይነበብም። የመረጃው ባለቤት ለሆነችው እናት፣ ጓዳዋ ውስጥ ይነበብላት። አሁን ክሊፕቦርዱ ቦታውን ለታብሌት እየለቀቀ ነው፤ ገጹ ካልዞረ ታብሌቱም ያው ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት መብት ሰጥቷል። ይህ መብት እስከ አውድማ ድረስ መውረድ አለበት።

የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎች፣ ቅጽ የምታዘጋጁ ድርጅቶች፦ «ተነብቦልኛል» የሚል መስመር ከፊርማው በላይ አስገቡ፤ ገበሬው በጥማድ የተናገረውን በጥማድ ጻፉ፤ አንድ ቅጂ እቤቱ ተዉለት። እናንተም የምትጠየቁ ወገኖች፣ ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ።