የመዝገብ ርእስና የማይለወጥ ቁጥር

በምሥራቅ ጎጃም፥ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፥ አማኑኤል የምትባል ከተማ አለች። በዚሁ ስም የሚጠሩ አብያተ ክርስቲያናትና ሰፈሮች በአገራችን ብዙ ናቸው፤ በአዲስ አበባም የታወቀው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አማኑኤል ይባላል። እንግዲህ በአንድ መዝገብ ላይ «የትውልድ ቦታ፥ አማኑኤል» ተብሎ ቢገኝ የትኛው ነው? የጻፈው ሰው ያውቀው ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚገልጠው ወጣት ግን አያውቀውም።

ይህስ ቢሆን ተጠይቆ ይደረስበታል። የሚብሰው የዓምዱ ርእስ ራሱ ሲያሳስት ነው። አማኑኤል አስቀድሞ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት፥ ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በክፍለ ሀገር፥ ዛሬ ደግሞ በአማራ ክልል ትቆጠራለች። ከተማይቱ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ የተለወጠው ርእሱ ነው። «የልደት ዓመት» የሚለውም እንዲሁ ነው። 1960 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጆች 1967 ወይም 1968 ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ይህን ሳይለይ እንደ ፈረንጅ ዘመን ቢያነበው የሠራተኛው ዕድሜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምሮ ይታያል፤ ጡረታውም ያለ ጊዜው ይደርስበታል። ኮምፒዩተር እንደ ሽማግሌ ጸሐፊ «ይህ ነገር እንዴት ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

በ1995 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት በምትገኘው ደብሊን ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ደብሊን ኮር የተባለውን የመዝገብ ርእሶች ዝርዝር ጀመሩ። በኋላም ርእሶቹ 15 ሆነው ለእያንዳንዳቸው በኢንተርኔት ቋሚ አድራሻ ተሰጣቸው። ቃሉ በእንግሊዝኛም ይጻፍ በአማርኛ አድራሻው አንድ ነው፤ ትርጓሜውም በዚያው ይገኛል። አድራሻውን ይጠብቅ የነበረው ኦሲኤልሲ የተባለው ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) አገልግሎቱን ለኢንተርኔት አርካይቭ አስረከበ፤ ጠባቂው ሲለወጥ አድራሻው አልተለወጠም። የሥራው ዋና ነገር ይኸው ነው። አንድ ጊዜ የተሰጠ መለያ ለሌላ ነገር አይሰጥም፤ ትርጓሜው ከተለወጠ አዲስ ይወጣል እንጂ አሮጌው አይፋቅም።

በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ፋይዳ ለሰው 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። መልካም ነው። ነገር ግን ሰውየው ቁጥር ሲኖረው፥ ስለ እርሱ የሚጻፍባቸው ርእሶች በየመሥሪያ ቤቱ እንደ ጸሐፊው ፈቃድ ቢለያዩ ሥራው በግማሽ እንደ ቀረ እንቈጥረዋለን። በእኛ አስተያየት ጠባቂነቱ ለቤተ መዛግብት ቢሰጥ ይሻላል፤ መጀመሪያውም ብዙ አይደለም፤ ስም፥ የአባት ስም፥ የልደት ዓመት ከነአቆጣጠሩ፥ ወረዳ ከነዘመኑ።